የመሸሻ ጽጌረዳና የይገዙ ኖራ

እኔ ሰርኬ ጉልላት፣ ኮልፌ ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባለው ቤቴ፣ ዛሬ እሑድ ሰኔ 16 ቀን 1977 ዓ.ም. ከቅዳሴ መልስ ይኼን ቃል እናገራለሁ። እግሬ አብጧል። ልብሽ ደክሟል ብሎኛል ሐኪሙ። ስለ ጭንቅላቴ ግን ምንም አላለም፣ እኔም ምንም ጉድለት አላየሁበትም። የሚጠራጠር ካለ በዚህ ግቢ ማን ምን እንዳደረገ አንድ በአንድ ልንገረውና ራሱ ይፍረድ።

የሚጽፈው የእድራችን ጸሐፊ ተክለማርያም ነው። «ተናዛዧ በፍጹም አእምሯቸውና በሙሉ ፈቃዳቸው» ብሎ ጀምሮ ነበር፣ አሰረዝኩት። የኔ አፍ እንደዚያ አይናገርም። ተክለማርያም፣ እኔ እንዳልኩት ጻፍ። ፊደል ባልቆጥርም መልሰህ ስታነብልኝ የኔ ቃልና ያንተ ቃል ይለይልኛል። እማኝ ሆነው የተቀመጡት ጎረቤቶቼ ከበደችና ጉታ፣ የእድሩ ዳኛ ወንድይፍራውና ባለ አህያው ባጫ ናቸው። ልጆቼ ይገዙና በላይነሽ በሩ ላይ ቆመዋል። ተቀመጡ ብያቸው ነበር። ቆመው መስማት ከመረጡ ይቁሙ።

በመጀመሪያ ስለ ቤቱ። መሬቱ የመንግሥት ነው ተብሏል፣ ይሁን። ቤቱ ግን ባሌ መሸሻና እኔ ጭቃ ረግጠን የሠራነው ነው። የፊቱ ክፍል ለበላይነሽ፣ የኋላው ክፍል ለይገዙ። ይገዙ ታላቅ እኔ ነኝ ይላል። ታላቅነቱን አልካድኩትም። ግን ፊት ለፊት ከተቀመጠ በየበዓሉ አጥሩን ይቀባዋል፣ መፈክር ይሰቅልበታል። ከኋላ ሆኖ የፈለገውን ይስቀል።

ተክለማርያም እስክሪብቶውን ከወረቀቱ ላይ አነሳ። ምን ሆንክ ስለው «እማማ ሰርኬ፣ መፈክር የሚለውን ብንተወውስ?» ይለኛል። አንተወውም። መፈክሩን መች ሰደብኩ፣ የሚሰቀልበትን ቦታ ነው የተናገርኩት። ጻፍ።

ቁምሳጥኑ ለበላይነሽ ነው። ቁልፍ የለውም ብላ እንዳታማርር፣ ያጠፋችው ራሷ ናት። ሬዲዮኑ ለይገዙ። እዚህ ቤት ሬዲዮ ሲናገር ጆሮውን የሚሰጠው እሱ ብቻ ነው። የአንገቴ የወርቅ መስቀል ለበላይነሽ ልጅ ለእሙ ይሁን። ለእናቷ ያልሰጠሁት ለስለት ታስገባዋለች ብዬ ነው፣ ታስገባዋለችም። የመሸሻን ካፖርት ለማንም አልሰጥም፣ ብል ጨርሶታል። ትልቁ የብረት ድስት የከበደች ነው። ለይገዙ ሠርግ ተውሰነው እዚሁ ቀረ፣ ይኼው በላይነሽ የኛ ነው ትላለች። አይደለም። ከበደች ዛሬውኑ ይዛው ትሂድ። እማኝ የሆነ ሰው ከኑዛዜው ምንም መውረስ የለበትም ብሎ ተክለማርያም አስጠንቅቆናል፤ ይኼ ግን ውርስ አይደለም፣ የራሷ ዕቃ ነው።

አሁን ወደጠራኋችሁ ነገር ልምጣ። ለድስትማ ይኼን ሁሉ ሰው አልሰበስብም።

ስለ ጽጌረዳዋ ነው።

መሸሻ መንገድ ሥራ ነበር የሚሠራው፣ የሚያውቀው ያውቀዋል። ደመወዙን እጄ ላይ ያስቀምጥና ዝም ይላል። አርባ ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ነጠላ ገዝቶልኝ አያውቅም። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፣ ነገሩ አይመጣለትም። አንድ ክረምት ላይ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ እንጨት ይዞ ገባ። ምንድነው ስለው አበባ ነው አለ። ከየት ነው ስለው ከሰው ነው አለ። ከቤት ወደ ሽንት ቤት በሚወስደው መንገድ ዳር ተከላት፣ ዙሪያዋን በድንጋይ ከበባት፣ እጁን ታጠበና ራት አቅርቢ አለ። እኔ ተናደድኩ። ሰው አበባ የሚተክለው እንግዳ በሚገባበት በር ላይ ነው እንጂ ሽንት ቤት መሄጃ ላይ ነው ወይ ብዬ ስንት ቀን ነዘነዝኩት። መልስ የለም። እሷ ግን አደገች። ቢጫ ነው አበባዋ፣ ጫፍ ጫፉ ብቻ ቀላ ያለ። ከኔ ቁመት አለፈች።

መሸሻ ሞቶ ተዝካሩ ላይ ነው ጉታ የነገረኝ። ጉታ ከአጥራችን ጀርባ ላም የሚያረባው፣ ጠዋት ጠዋት ወተት የሚያመጣልኝ ነው፤ አሁንም ቢሆን ጾሙን ንስሐ አባቴ ለሕመሜ ስለፈቱልኝ ያመጣል። «የይገዙ እናት» አለኝ፣ «ያንን ነገር እኔም ጠይቄው ነበር። ለምን በር ላይ አልተከልካትም ስለው፣ ‹ሰርኬ ጠዋት ተነስታ መጀመሪያ የምትሄደው በዚያ ነው፤ በር ላይ ብትሆን የምታያት ገበያ ስትወጣ ብቻ ነው› አለኝ።»

ይኼው ነው። በአርባ ዓመት ውስጥ መሸሻ ስለኔ የተናገረው ይኼ ነው፣ እሱንም የተናገረው ለጉታ ነው። ንፍሮ እያደልኩ ነበር፣ ሰፌዱን ለከበደች ሰጥቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

ይኼን የማወራው እንዲለቀስልኝ አይደለም። በላይነሽ፣ አፍንጫሽን ጥረጊ። እማኞቹ ምን እንደጠፋብኝ አውቀው እንዲፈርሙ ነው።

ባለፈው ዓመት ነሐሴ ላይ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ከተማው ሁሉ ይጽዳ፣ ይቀባ ተባለ። ይጽዳ፣ ማን ጠላ። ይገዙ የቀበሌው የጽዳት ኮሚቴ ውስጥ ነው፣ የኛ ግቢ ከሁሉ በልጦ ካልታየ እንቅልፍ አይወስደውም። ኖራ በበርሜል በጥብጦ መጣ። አጥሩን ቀባ። ሽንት ቤቱን ቀባ፣ እሱንስ ደግ አደረገ። ከዚያ ድንጋይ ያየ ሁሉ መቀባት ያዘ፤ ደረጃውን፣ ልብስ የማጥብበትን ድንጋይ፣ የከሰል ማስቀመጫዬን። ዶሮዋ ባትሮጥ እሷም አትቀርለትም ነበር። መሸሻ የደረደረውን የጽጌረዳዋን ዙሪያ ድንጋይ ሲቀባ ቆየና እጁን ማቆም አቃተው። እሷንም ከሥሯ እስከ ወገቧ ለቀለቃት፣ መንገድ ዳር ያሉትን ዛፎች እንደሚቀቡት። በርሜሉ ሥር የዘቀጠውን ወፍራሙን ኖራ ደግሞ ወስዶ ሥሯ ላይ ገለበጠው። እኔ ለቅሶ ሄጄ ነበር።

ስመለስ ብሩሹን እንደያዘ አገኘሁት።

«ምንድነው ያደረግኸው?» አልኩት።

«እስቲ እያት እማዬ፣ እንዴት አምራለች» አለኝ።

«የተረፈውንስ ለምን እዚህ ደፋኸው?»

«የት ልድፋው ታዲያ? መንገድ ላይ መድፋት ተከልክሏል።»

ልብ አድርጉልኝ። ለመንገዱ ተጠንቅቆ ነው አባቱ አበባ ላይ የደፋው። ከዚያ የኮሚቴ ሰዎች መጥተው «ጓድ ይገዙ፣ ምሳሌ የሚሆን ግቢ ነው» እያሉ አጨበጨቡለት፣ ማኅተም ያለው የምስጋና ወረቀት ሰጡት። እኔን ሳይጠይቅ ግድግዳዬ ላይ በሚስማር መታው። ወረቀቱን ለይገዙ አውርሻለሁ። ከነሚስማሩ ነቅሎ ይውሰድ፣ ቀዳዳውንም በጭቃ ይድፈን። በኖራ እንዳይሆን።

ተክለማርያምን አሁን ደግሞ ላብ አጠመቀው። ውሃ ስጡት።

ከመስቀል በኋላ ዝናቡ ሲያቆም ቅጠሏ መገርጣት ጀመረ። ከዳር ከዳሩ እየተቃጠለ ይረግፋል። በዚህ ላይ በላይነሽ መጣች።

በላይነሽ ልጄ ጨጓራዋን ያማታል፣ ጸበል ትመላለሳለች። በጀሪካን ታመጣና ያንን ከቤተክርስቲያን የሚሰጠውን እምነት፣ አመዱን ማለቴ ነው፣ ትበጠብጥበታለች። ጠዋት ጠዋት ሳፋ ውስጥ ቆማ ትጠመቃለች። ያን ውሃ ሰው የሚረግጠው ቦታ ላይ መድፋት ኃጢአት ነው፣ ይኼን እኔም አውቃለሁ፣ ክርስትና የተነሳሁት ከሷ በፊት ነው። እና እዚህ ግቢ ሰው የማይረግጠው ቦታ የቱ ነው? መሸሻ በድንጋይ የከበበው ነዋ። ሳላውቅ ስንት ጊዜ ስትደፋበት ኖራለች። ጽጌረዳዋ ስትታመም ደግሞ ጭራሽ አዘነችላትና ለሷም ለብቻዋ ትበጠብጥላት ጀመር። ጠዋት የራሷን ትደፋለች፣ ማታ የጽጌረዳዋን ትደፋለች። ለጥምቀት አካባቢ አፈሩ ረግረግ ሆኖ ከላይ ነጭ ቅርፊት ሠርቶ ነበር። እንጨት ብሰካበት የተበላሸ እንቁላል ሸተተኝ።

«በላይነሽ፣ አቁሚ» አልኳት።

«ጸበል ይገድላል እያልሽ ነው እማዬ?» አለችኝ፤ ያውም ሰው እየሰማ።

የልጆቼ ነገር እንዲህ ነው። ይገዙን ኖራህን አንሳልኝ ስለው በበዓሉ ላይ ምን ተቃውሞ አለሽ ይለኛል። በላይነሽን አመድሽን አንሺልኝ ስላት ካድሽ ወይ ትለኛለች። እኔ የማወራው ስለ አንድ እንጨት ነው። አንድ እንጨት ስለ ራሱ እንዲወራለት አይፈቀድም እዚህ ቤት።

ማንም ስለማይረዳኝ ራሴ ጀመርኩት። ኖራውን በቢላ ጀርባ ፋቅሁት፤ ልጣጯ አብሮ ሲነሳ ተውኩና በእርጥብ ጨርቅ ቀስ እያልኩ አሸሁት። ጉታን ጠራሁት። ጎንበስ ብሎ አፈሩን ዘግኖ አሸተተና «እኔ የማውቀው ከብት ነው፣ አበባ አላውቅም። ግን ላሜን እዚህ ላይ አላስርም» አለ። አፈሩ ይቀየር አልን። ከየት ይምጣ? ደህና አፈር ያለው ሰው አጥሩ ውስጥ ነው ያለው፣ አይሰጥም። ባጫ ነው የነገረኝ፣ ቆሼ ጀርባ ዱሮ የተደፋው ቆሻሻ በስብሶ ጥቁር አፈር ሆኗል፣ ጎመን የሚያበቅሉ ሰዎች ይወስዳሉ ብሎ። ሂድ አምጣ አልኩት። በአህያ ጭኖ አመጣ።

ምን ልበላችሁ፣ ሽታው ከአህያው ቀድሞ ነው የገባው። ከበደች ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ በአጥሩ ብቅ አለችና «ሰርኬ፣ ምን ሞቶብሽ ነው?» አለች። እንዳይሞትብኝ ነው አልኳት። አሁን እዚህ ተቀምጣ ትስቃለች፣ ያን ጊዜ ግን ለሳምንት ያህል በግቢዬ አላለፈችም። ጆንያው ውስጥ የሌለ ነገር የለም። የጠርሙስ ስባሪ፣ ቆርኪ፣ ጥርሱ የረገፈ ማበጠሪያ፣ አጥንት፣ የአሻንጉሊት እጅ። ወንፊት አወጣሁና ቁጭ ብዬ ነፋሁት። አዎ፣ የዱቄቱን ወንፊት። በላይነሽ ስታይ አስመለሳት። እኔንም አስመልሶኛል፤ አፌን ተጉመጥሙጬ መጣሁና መንፋቴን ቀጠልኩ። ወንፊቱ ታጥቧል፣ ግን ማንም እንደማይነካው ስለማውቅ ለማንም አይወረስም፣ ይጣል። የበሰበሰውን አፈር በማንኪያ እያወጣሁ፣ ሥሯን በንጹሕ ውሃ እያጠብኩ፣ የነፋሁትን ሞላሁላት። እግሬ ያበጠው ያን ጊዜ ተንበርክኬ ነው ይላል ይገዙ። ይበል። ለሱ የኖራ በርሜል ግን አልተንበረከክሁም።

ቅርንጫፎቿ እንዲያም ሆኖ እየደረቁ ሄዱ። አንዱ ሲደርቅ ሌላው ላይ ተስፋ አደርጋለሁ፣ እሱም ይደርቃል። ጠዋት በዚያ ስሄድ ፊቴን አዙሬ ነበር የማልፈው። በግንቦት ግን ኖራው ከደረሰበት በላይ አንዲት ቀንበጥ ብቅ አለች፣ ቅጠሏ ገና ቀይ ነው፣ እንደ ሕፃን ጆሮ ቀጭን። አሁን ክንድ አክላለች። ከሷ በቀር በዚያ ግንድ ላይ ሕይወት ያለው ነገር የለም።

ይኼን ያየ ሰው እፎይ ይላል አይደል? ባለፈው ሳምንት ሁለቱም መጡብኝ። ይገዙ ነሐሴ እየመጣ ነው አለኝ። ኮሚቴው ዘንድሮም ይዞራል፣ የቆሼ አፈር ግቢ ውስጥ ከተገኘ ነጥብ እንቀነሳለን፣ ስለዚህ ይዛቅና ድንጋዩ እንደገና ይቀባል አለኝ። በላይነሽ ደግሞ የቆሼ አፈር ርኩስ ነው፣ ሳይጠመቅ አይነጻም ብላ ሐሙስ ጠዋት ሳፋውን ሞልታ ሥሯ ላይ ቆማ አገኘኋት። ያለ ደጋፊ ወጥቼ ሳፋውን ከእጇ ቀማኋት። ውሃው እኔው ላይ ፈሰሰ፣ ስለዚህ ተጠምቄያለሁ። በዚያው ቀን ነው ተክለማርያም ይምጣልኝ ብዬ የላክሁት።

ዛሬ ደግሞ እማኝ ሲሰበሰብ ሁለቱም ጽጌረዳዋ ለኔ ትገባለች አሉ። ይገዙ የአባቴ ማስታወሻ ናት ይላል። በላይነሽ የተንከባከብኳት እኔ ነኝ ትላለች፣ ዓይኗን በጨው አጥባ። አስጠላችሁኝ። ልጆቼ ናችሁ፣ እወዳችኋለሁ፣ አስጠላችሁኝ። ተክለማርያም፣ ሁለቱም እውነት ስለሆነ ሁለቱንም ጻፍ።

የመሸሻ ጽጌረዳ ለጉታ ትሁን።

ተክለማርያም «እማማ፣ አቶ ጉታ እማኝ ናቸው እኮ፣ መውረስ አይችሉም» አለኝ። እንግዲያው እማኝ አይሁን። ጉታ፣ ተነስ ከዚያ ወንበር አልኩት። እሙ ሮጣ ሄዳ ባለ ሱቋን ሰብሪያን ጠራቻት። ሰብሪያ ሱቋን ዘግታ መጥታ በሱ ቦታ ተቀምጣለች፤ እስካሁን ያልኩትም እንደገና ተነቦላታል።

ጉታ ግን ተነስቶ ቆመ እንጂ አልወጣም። ባርኔጣውን በእጁ ያዟዙራል።

«የይገዙ እናት፣ ከነሥሯ ብነቅላት አትቆምም» አለኝ። «ሥሯን አይቼዋለሁ፣ ገሚሱ በስብሷል። ያቺን ቀንበጥ ቆርጬ እኔ ግቢ ብተክላት ነው የሚሻለው።»

«ትይዛለች?»

«እሱን አላውቅም። ልትይዝም ላትይዝም ትችላለች። ከተቆረጠች ግን እዚህ የሚቀርሽ ነገር የለም።»

«እዚሁ ብትቆይ ነሐሴን ታልፋለች?»

ወደ ልጆቼ አየ፣ ወደ መሬት አየ። ጨዋ ሰው ነው።

 ነገ ጠዋት ተነስቼ በዚያ መንገድ ስሄድ ምን እንደማይ አሰብኩ። ምንም አላይም። ከኖራና ከአመድ ጋር ከማያት ግን ባላያት ይሻለኛል።

«ቁረጣት» አልኩት።

ይገዙ ከበሩ ላይ «እማዬ፣ አባባ በእጁ የተከላት እኮ ናት» አለ፣ እያለቀሰ። እውነቱን ነው ያለቀሰው፣ አውቃለሁ። በርሜሉን ሲገለብጥም እኮ እውነቱን ነው፣ ያምራል ብሎ ነው። እኔን የጨረሰኝ ይኼ ነው።

ጉቶዋ እዚሁ ይቀራል። ጉቶዋን ለይገዙና ለበላይነሽ እኩል አውርሻለሁ። በነሐሴ እሱ ይቀባት፣ ጠዋት ጠዋት እሷ ታጥምቃት። ከእንግዲህ የምትጎዱት ነገር ስለሌለ ሳትጣሉ ተካፈሉት።

የቆሼው አፈር ግን የኔ ነው። መሬቱ የመንግሥት ቢሆንም አፈሩን በአህያ አስመጥቼ በእጄ ነፍቼዋለሁ። ጉታ ዝቆ ይውሰደው። ይገዙም ደስ ይበለው፣ ነጥብ አይቀነስም።

ምክር ስጪ ካላችሁኝ፣ በላይነሽ፣ ለጨጓራሽ ሐኪምም ዘንድ ሂጂ። ጸበሉን ተዪ አላልኩም። ይገዙ፣ የሰው ዕቃ ከመቀባትህ በፊት ባለቤቱን ጠይቅ። ሁለታችሁም አልሰማችሁኝም፣ ይጻፍ ብቻ።

ጉታ፣ ላንተ የምለው ይኼ ነው። የት እንደምትተክላት አልነግርህም፣ ግቢው ያንተ ነው። ላሞቹ እንዳይበሏት አጥርላት። ከያዘች ደግ። ካልያዘች ግን መጥተህ እንዳትነግረኝ፣ ሰውም እንዳትልክብኝ። ወተቱን እንደወትሮው ጠዋት አምጣልኝ። እኔም አልጠይቅህም።

በል ሂድ፣ ቢላውን አስልና ቁረጥ፤ ተክለማርያም ያነብልኛል።

ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነቦልኛል። ሁለት ቦታ አለስልሶት ነበር፣ ወደ ነበረበት አስመልሼዋለሁ። የቀኝ አውራ ጣቴን አስቀምጫለሁ።

ሰርኬ ጉልላት፣ የጣት አሻራ።

ይህ ቃል ሲሰጥና ሲነበብ አብረን ሰምተናል፦
ወንድይፍራው፣ የእድሩ ዳኛ፣ ፊርማ።
ከበደች፣ የጣት አሻራ።
ባጫ፣ የጣት አሻራ።
ሰብሪያ፣ በአቶ ጉታ ምትክ፣ ፊርማ።

ቃሉን የጻፍኩት ተክለማርያም፣ ፊርማ። እማኝነታቸውን የተዉት አቶ ጉታ ይህ ሲፈረም በግቢው ውስጥ ነበሩ፤ ተናዛዧም አቶ ጉታ ቀንበጧን ቆርጠው እስኪወጡ ድረስ የቤቱ በር እንዲዘጋ አዘዋል።